«ታድግበታለች» ስለተባለው ባለ ጎማ ጫማ

ለተከበሩ አቶ ገዛኸኝ
የ«ብርድ አይበግሬ» የልጆች ስፖርት ማዕከል ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ያለ ጥፋቱ የተከሰሰን እግር ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ከጣርማ በር ተነሥቶ አጥንት ድረስ በሚዘልቀው በዚህ ብርድ የእርስዎ፣ የቤተሰብዎና የቢሮዎ ማሞቂያ ጤንነት እንደምን ሰንብቷል? እኔ ለአላህ ምስጋና ይድረሰውና ከንዴት በቀር ደህና ነኝ። መሊካ እባላለሁ፤ ትውልዴ አሊዩ አምባ፣ ኑሮዬ እዚሁ ከተማ፣ ሥራዬ ጨርቅ መሸጥ ሲሆን፣ ባለፈው ሳምንት «ሚዛን መጠበቅ ስለማትችል ቦታዋን ለሌላ ልጅ ትልቀቅ» ብላችሁ ከሮለር ስኬት ሥልጠና ያሰናበታችኋት የስምንት ዓመቷ የነጅዋ እናት ነኝ።

በቅድሚያ ለልጆቻችን ባለ ጎማ ጫማ ስለገዛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ነጅዋ ሥልጠናው እስኪጀመር መጠበቅ አቅቷት በካልሲ የቤታችንን ሊሾ ስትንሸራተትበት ከርማለች። ምስጋናዬን በዚህ ከፈጸምኩ በኋላ ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ/ የግዢ ኮሚቴው ለጀማሪ ልጆች የመረጠው ጫማ በሙሉ ቁጥሩ አርባ ነው። ምክንያቱን በትሕትና ብጠይቅ፣ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ምስራቅ «ልጆች አይደሉ እንዴ? ያድጉበታል!» ብለው አስረዱኝ። ይህን ጥበብ አልንቅም። እኔም ለልጄ የዒድ ቀሚስ ስሰፋ ለሚቀጥለውም ዒድ እንዲሆናት ጫፉን አጥፌ ነው፤ የዚህ ከተማ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ኮቱን የለበሰው እጅጌውን ጠቅልሎ ነው። ቀሚስና ኮት ግን ጎማ የላቸውም።

፪ኛ/ ቁጥር ሠላሳ አንድ እግር ቁጥር አርባ ጫማ ውስጥ ሲዋኝ አሰልጣኙ መላ አላጡለትም፤ በአሮጌ ካልሲና በጨርቅ ጠቅጥቁት አሉን። ጨርቅ መቼም አይቸግረኝምና ከሱቄ አመጣሁ። ልጄ ግን ጫማው ወደ ቀኝ ሲሄድ እግሯ ውስጡ ወደ ግራ እየዞረ፣ ተረከዟ እየተነሣ፣ ቁርጭምጭሚቷ እየታጠፈ፣ ስትወድቅና ስትነሣ ዋለች። የጀማሪ ልጅ ጫማ ተረከዝን የሚይዝ፣ ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ የሚደግፍ፣ ጣትን የማይጫን፣ ጎማውም ከልጅቱ ቀድሞ የማይበር መሆን እንዳለበት ለማወቅ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም፤ አንድ ልጅ ጠርቶ ማስለካት ይበቃል። ኮሚቴያችሁ ለግዢ አዲስ አበባ ድረስ ሲሄድ የአንድም ልጅ እግር አልለካም።

፫ኛ/ በጫማው ጣላችኋት፤ ስትወድቅ ደግሞ «ተሰጥኦ የላትም» ብላችሁ በጓደኞቿ ፊት አሰናበታችኋት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኸው ነው።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ራሴን ይዤ ጽፌያለሁ፤ ከዚህ በኋላ አልችልም። ነጅዋ ያን ቀን ቤት ገብታ ካልሲዋን አወለቀችና እግሯን ትኩር ብላ ስታይ ቆይታ፣ «እማ፣ እግሬ ምኑ ነው የተበላሸው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሊሾው ላይ መንሸራተቱንም ትታለች።

ከትናንት በስቲያ የጎረቤታችን ልጅ ሔራን በልኳ የተገዛላትን ጫማ አዋሰቻት፤ እግራቸው እኩል ነው። ነጅዋ «እኔ አልችልም» ብላ አለቀሰች፤ ሔራን ለምናና አባብላ ጫማውን አደረገችላት። መጀመሪያ የግቢውን አጥር ይዛ ሄደች። ቀጥሎ የሔራንን እጅ ያዘች። አስፋልቱ ጫፍ ደርሳ ስትመለስ ግን ማንንም አልያዘችም። እግሩ ያው ያሰናበታችሁት እግር ነው።

እኔም እየጮኽኩ ሮጬ አቀፍኳት። እሷ ግን «አሰልጣኙ ናቸው የሚያውቁት፤ ይሄ የሔራን ጫማ ስለሆነ ነው» ብላኝ ጫማውን አወለቀች። የእናቷ ቃል ከማዕከላችሁ ቃል በታች ሆኖባታል። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፦ በጓደኞቿ ፊት የተናገራችሁትን በጓደኞቿ ፊት አንሡላት፤ ከዚያም የልጆቹን እግር ለክታችሁ ጫማውን ቀይሩ።

የቢሮዎ ወንበር እንደ ልጆቻችን ጫማ ሳይሰፋብዎት ረጅም ዘመን እንዲቀመጡበት እየተመኘሁ፣
አክባሪዎ፣ የቁጥር ሠላሳ አንድ እግር እናት
መሊካ

ግልባጭ፦
ለግዢ ኮሚቴው
ለነጅዋ (ጮክ ብዬ የማነብላት)

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጠቀጠቅነውን ካልሲና ጨርቅ አውጥተናል። ጫማዎቹ አሁን ባዶ ስለሆኑ፣ ከእርስዎና ከኮሚቴው አባላት እግር ጋር ልክክ እንደሚሉ ወላጆች በአንድ ድምፅ ተስማምተናል። ስለሆነም በመጪው ቅዳሜ ተጫምታችሁ የማዕከሉን ቁልቁለት እንድትወርዱልን በአክብሮት ጋብዘናችኋል። ልጆቻችን እጃችሁን ይዘው ይደግፏችኋል። ብትወድቁም አናሰናብታችሁም፤ ታድጉበታላችሁ።