ስሜን የነገርኳቸው ሴት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23፣ ቆቦ

የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ትቼ ቤት ከገባሁ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኔ። እማዬ ያመመኝ ነው የሚመስላት። መምህሬ ቢሮው ጠርቶ በር እንደቆለፈብኝ አታውቅም።

ዛሬ እሷ ገበያ ስትሄድ ወደ ማሽላው ማሳ ወጣሁና ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለተበደሉ ተማሪዎች ወደተከፈተው ቢሮ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሱ።

"እህቴ፣ ስምሽን መንገር ግድ አይደለም" አሉኝ። "አንቺ ካልፈቀድሽ የነገርሽኝ ከእኔ አያልፍም።"

እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳይጠይቁኝ ስሜንም ጨመርኩ። "አቤቱታውን ልጻፍልሽ?" ሲሉኝ "ይጻፉት" አልኩ።

እማዬ ስትመለስ ዓይኔን አየች። "ምነው ልጄ፣ አለቀስሽ እንዴ?"

"አቧራ ገብቶብኝ ነው።"

"አብሽሪ፣ ታጠቢው" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። አምናኛለች። ምነው ባላመነችኝ።