በሰው ስም የተገባ ንስሐ

ካሺሻ ኮረብታ፣ ኪጌዚ
ሰኞ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1968

ለልጄ ለፔሩሲ፣ ጂንጃ፤

በጭጋግ ውስጥ መንገድን የሚያውቅ አምላክ በባዕድ ከተማ ይጠብቅሽ። እኛ ደኅና ነን። የእናትሽ ጉልበት በዚህ ብርድ እንደ ልማዱ ያማታል፤ ምላሷ ግን ምንም አልሆነም። ማሽላው ታጭዶ ገብቷል። ወንድምሽ ናታኒ ለነሐሴው ሠርጉ ቤቱን በአዲስ ሣር ከድኖ ጨርሷል።

«ለሠርጉ አልመጣም» ብለሽ ለእናትሽ የጻፍሽው ደርሶናል። ምክንያቱን አልገለጽሽም፤ መግለጽም አያሻሽም ነበር፤ ወሬ ከአውቶቡስ ይቀድማል። ነገር ግን ወሬ የሚያደርሰው ግማሹን ነውና የሆነውን ከእኔ ስሚ።

የዳኑት ወንድሞች በሐሙስ ኅብረታቸው ተሰብስበው ሳለ ልብስ ሰፊው ዜቡሎኒ ተነሥቶ ቆመ። ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ ኃጢአቱን ወደ ብርሃን ማውጣቱን እኔም እወደዋለሁ፤ ብዙ ሌባና ብዙ ሰካራም ሲያቀና አይቻለሁ። እሱ ግን እንዲህ አለ፦ «ወንድሞች፣ ደብቄው የኖርኩት ነገር አለ። ከአስተማሪያችን ከኤሪያ ልጅ፣ ከፔሩሲ ጋር፣ እዚህ እያለች ወድቄያለሁ። ዛሬ ግን ነጻ ነኝ!»

ተንጋግተው አቀፉት። መዝሙሩ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። እኔ አልዘመርሁም። ከኋላዬ የተቀመጠችው አሮጊቷ ኬድሬሲ በክርኗ ጎሸመችኝና፣ «ምነው ኤሪያ፣ አፍህን ዜቡሎኒ ሰፋው እንዴ? አንድ ነፍስ ዳነች እኮ!» አለችኝ።

«የዳነችውንስ አየን፤ የተረገጠችውን ማን ያንሣት?» አልኋት።

በማግስቱ የኅብረቱ መሪ ኢሳካ ወደ ቤታችን መጣ። እናትሽ የማሽላ ቡሼራ በቅል ቀዳችለት።

«ወንድሜ ኤሪያ፣ ልብህ ቀዝቅዟል እየተባለ ነው» አለኝ።

«ቡሼራው ትኩስ ነው፤ ጠጣ።»

«ተው አትቀልድ! ለልጅህ ጻፍላት። ትምጣና ጉባኤው ፊት ትቁም፤ ከዜቡሎኒ ጋር ያደረገችውን በራሷ አፍ ትናገር። ያን ጊዜ ለሷም እንዘምርላታለን። እምቢ ካለች ግን ለናታኒ ሠርግ ከወንድሞች አንድም ሰው ደጃፍህን አይረግጥም። አንተም እሑድ እሑድ መጽሐፍ ማንበብህን ታቆማለህ።»

እናትሽ ከጓዳ ሆና፣ «ያ ልብስ ሰፊ መቼም በሰው ጨርቅ መስፋት ለምዶበታል፤ ንስሐውንም ከልጄ ቀሚስ ቀድዶ ሰፋው!» አለች። ኢሳካ ሳቁን በቅሉ ሸሸገ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። «ኢሳካ፣ ከዚህ ደጅ ሆነህ ሐይቁን ተመልከት» አልሁት። «ያቺን አንድ ዛፍ የበቀለባትን ደሴት ታውቃታለህ። አያቶቻችን ሳታገባ ያረገዘችውን ልጃገረድ ወስደው በረኃብ ትሞት ዘንድ እዚያ ይጥሏት ነበር። ታንኳውን የሚቀዝፈው የገዛ ወገኗ ነበር፤ ያስረገዛት ግን ቤቱ ተቀምጦ እራቱን ይበላ ነበር። ወንጌል መጥቶ ያን ታንኳ አስቀረው። እናንተ ደግሞ እየዘመራችሁ መቅዘፊያውን መልሳችሁ እኔን ታስይዙኛላችሁ። አልቀዝፍም!»

«እኛ የምናወራው ስለ ጸጋ ነው» አለ።

«እኔም ስለ እሱ ነው። ጸጋ በደም ተገዝቷል፤ የተገዛው ግን በእኔ ልጅ ደም አይደለም።»

ቅሉን አስቀምጦ ተነሣ። ደጁን ሲሻገር ዞር ብሎ፣ «ብቻ ጻፍላት» አለኝ። ይኸው ጽፌልሻለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ አባትሽን ታውቂዋለሽ። ኃጢአትን ስሕተት፣ ስሕተትንም ወጣትነት እያልሁ አላቆላምጥልሽም። ነገሩ ሆኗል ወይስ አልሆነም ብዬ አልጠይቅሽም፤ ሆኖ ከሆነ ግን ኃጢአት ነው፤ ስለ እሱም በፊቱ የምትቆሚለት አንድ ጌታ አለሽ። እሱ ምስክር አይሻም፤ አጃቢ ዘማሪም አይጠራም። ይቅርታው በነጻ ነው፤ ነጻነቱም ለዜቡሎኒ ብቻ አልታወጀም። በራስሽ ላይ የፈረድሽውን ይህን ስደት ግን እስከ ዛሬ ባነበብሁት መጽሐፍ ሁሉ አላገኘሁትም። አንዱ ኃጢአተኛ እየዘመረ ገበያ ሲወጣ ሌላዋ ከወንድሟ ሠርግ የምትቀርበት ሕግ የእግዚአብሔር አይደለም፤ እኔም አልታዘዘውም።

ትናንት በቤተ ክርስቲያን ያነበበው ሌላ ሰው ነው። የነቢያትን ስም እየሰባበረ አነበበ እንጂ ልጁ ክፋት የለበትም። እናትሽ ስለዚህ ነገር እያለቀሰች ብትጽፍልሽ አትስሚያት፤ ከሕዝቡ ጋር ወለሉ ላይ በተነጠፈው ሣር ብቀመጥ ቁመቴ አላጠረም። ዓይኔም ቢሆን ማረፍ ይሻ ነበር።

ስለዚህ አዝዝሻለሁ፦ ለሠርጉ ነይ። እስኪመሽ ጠብቀሽ፣ በጓሮ መንገድ አትግቢ። በቀን፣ በገበያው መካከል፣ በዜቡሎኒ የስፌት መኪና ፊት ለፊት እናልፋለን፤ እኔ ከጎንሽ ነኝ። እንዳትከናነቢ። ወንድሞች ባይመጡ የሠርጉን ሥጋ ድኾችና አንካሶች ይበሉታል፤ ጌታም ቢሆን ግብዣው ሲናቅበት ያስተማረን ይህንኑ ነው።

ከመጣሽ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድድሽ፣ በሐሙሱ ጉባኤ ልቁም ብትዪ አልከለክልሽም፤ ያ በአንቺና በጌታሽ መካከል ነው። ከቆምሽ ግን የራስሽን ብቻ ተናገሪ፤ የዜቡሎኒን ስም አትጥሪ። ሚስቱ ከፊት ትቀመጣለች። ያን ሐሙስ እሷን ያቀፋት ማንም አልነበረም።

ከኃጢአታችን የሚበልጠው፣ ከአባትሽም ቁጣ የሚበልጠው እሱ በመንገድሽ ይቅደም።

አባትሽ
ኤሪያ ቢታሪሆ