ድንጋይስ አይደለም

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ከልቤ በቀር ደህና ነኝ። «ከልቤ በቀር» ማለቴ ለወግ አይደለም፣ ሐኪም ያለው ነው።

ማክሰኞ ለት በሬን ደብድበሽ ደብድበሽ፣ «እትዬ፣ መኖርሽን አውቃለሁ፣ የስፌት መኪናሽ ቀጥ ሲል ሰምቻለሁ» አልሽ። ልክ ነሽ፣ ነበርኩ። ኋላም «ልብሽ ድንጋይ ነው» ብለሽ ደረጃውን ወረድሽ። ጎረቤቱም ሰማ፣ እኔም በሩን ተደግፌ ሰማሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ።

ጨርቄን ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ እስክደርስ ደረቴን ጭምድድ እያደረገኝ ሁለቴ መቀመጥ ጀምሬ ነበር። ሐኪሙ፣ ልብሽ ሲለፋ ደም ይደርሰው እንደሆነ በኒውክሌር ፎቶ እንይ አለኝ። ቦምብ ልታደርጉኝ ነው ወይ ብላቸው ነርሷ ሳቀች። ቀጠሮዬ ያው ማክሰኞ ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ ቡናና ሻይ ከልክለውኝ ራሴ ሊፈርስ ደርሷል። ጨረር ያለበት መድኃኒት በክንዴ ወግተው፣ እጄን ወደ ላይ ሰቅለው ካሜራ ሥር አስተኙኝ። ይኼ ልብ ሲያርፍ ነው። ቀጥሎ ሩጪ ቢሉኝ ጉልበቴ እምቢ አለ፣ ስለዚህ ልብን የሚያስሮጥ መርፌ ሰጡኝና ተኝቼ ሮጥኩልሽ። ደግመው አነሱኝ።

ልወጣ ስል ነርሷ፣ ጨረሩ ከገላሽ እስኪወጣ እስከ ነገ እርጉዝና ሕፃን እንዳትጠጊ፣ ቤትሽ አለ ወይ አለችኝ። እኔ ቤት እርጉዝ ድመትም የለ አልኳት። እቤቴ ገብቼ ገና አንድ እጅጌ ሳልሰፋ አንቺ መጣሽ።

ማንም አልነገረኝም፣ በመስኮት ነው ያየሁሽ። ያን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ልክሽን የምረሳ ይመስልሻል? ወደ አምስት ወር ገምቻለሁ። በሩን ሳትከፍቺም ቢሆን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት ትይኝ ይሆናል። አፌን ከከፈትኩ ጨረሩን ብቻ ተናግሬ የማቆም አልነበርኩም።

ሰውየሽን መኪናው ውስጥ ስለነበር አላየሁትም። ስትዘገዪበት ብቻ ጥሩምባውን ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም አደረገው። እጄ ሳላዘው ወደ ቁልፉ ሄደ። የአሥራ ሰባት ዓመት የትዳር ልማድ ጥሎኝ በሄደ በሁለት ዓመት አይለቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ይቺ ልጅ ምን አስቀይሜያት ጠፋችብኝ እያልኩ ራሴን ስበላ ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ አልጠይቅም።

ሐሙስ ውጤቱን አሳዩኝ። ልቤ ሲያርፍ እንደ ቀለበት ክብ ብሎ ያበራል። ሲለፋ ባንድ ጎኑ ይጨልማል። በሁለቱም ፎቶ ቢጨልም የሞተ እንለው ነበር፣ ይኼ ግን አልሞተም፣ ደም ተርቧል አለኝ ሐኪሙ። የጠበበውን የደም ሥር በሚመጣው ወር ይከፍቱልኛል። የቅርብ ዘመድ ማን ብለን እንጻፍ ሲሉኝ ያንቺን ስም አጻፍኩ። እናታችን በሕይወት የለች፣ ሌላ ማን አለኝ።

ጨረሩ ወጥቶልኛል፣ ነይ። ቀሚሱንም ጎኑን ለቀቅ አደርግልሻለሁ፣ ያኔውኑ ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ትቼበት ነበር። ብቻሽን ነይ ግን። የሚያደርስሽም ከሆነ ከታች ሆኖ ጥሩምባ እንዳይነፋ ንገሪው፤ ልብሽ እንዳይለፋ ተብያለሁ።

በሰላም ያገላግልሽ። ልጁም አንቺን ይምሰል።

አዝላ ያሳደገችሽ
እትዬሽ