ደግ ነበር ብቻ አይበቃንም

ጀማሌ፣ የአላህ ራህመት ባለህበት ይድረስህ። ከተለየኸን ወዲህ ስድስተኛው ረመዷን አለፈ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ካንተ ጋር መነታረክ የለመደ አፌ ብቻ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

የሚያፈሰውን ጣሪያ አሠርቼዋለሁ። ራሴ እሠራዋለሁ እያልክ ስንት ክረምት ባልዲ አስደቀንከን! ልጃችን ሀያት ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፤ ግንባሯ ያንተ ነው፣ እልኋም ያንተው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለችው ቢሯችሁ ፀጉር ቤት ሆናለች። አንድ ቀን በዚያ ስናልፍ፣ አባትሽና ጓደኞቹ የኮምፒውተር ጨዋታ እየሠሩ በሲዲ የሚያወጡት እዚህ ነበር ብላት፣ ደሴ ውስጥ? ብላ ሳቀችብኝ።

ምን ታድርግ! ሰዉ ሁሉ ስልኩ ላይ መጫወት ጀምሮ ድርጅታችሁ ሲዘጋ እሷ ገና ዳዴ ትል ነበር። ፕሮግራመራችሁ ተስፋዬ ቤት የተቀመጡት ኮምፒውተሮችም፣ እንኳንም አላየኸው፣ በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ተዘረፉ። የሚሠራ ሲዲ ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ አብረውህ የሠሩት ሰዎች ሳይረሱ፣ የሚያስታውሱትን በስልኬ ልቅዳላት ብዬ ተነሳሁ። ሀያት አንተን የምታውቅህ እንደ ሕልም ነው፤ እኔ ደግሞ የነገርኳትን ሁሉ ለባልሽ አድልተሽ ነው ትለኛለች።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። የእኛ ሰው ሟችን አይነካም፤ በሚስቱ ፊትማ ጨርሶ። የጨዋታዎቻችሁን ሥዕሎች ትሠራ የነበረችው ዘይነባ አሁን የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ጀማል ደግ ነበር፣ ሰው አክባሪ ነበር፣ አላህ ይዘንለት አለች፣ በቃ። አንዴ ፈገግ አለችና፣ ግን እኮ ጀማል... ብላ ጀመረች፤ ወዲያው ሙት ወቃሽ አያድርገኝ አለችና አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ተስፋዬም ያው ነው። ነፍሱን ይማረው፣ ወርቅ የሆነ ሰው ነበር ብሎ፣ ሻይ ጋብዞ ሸኘኝ። ሀያት የቀዳሁትን ሰማችና፣ እማ፣ ይሄ የማንም አባት ሊሆን ይችላል አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። ልጅህ አባት አጥታ ሳለ እኔ የለቅሶ ቤት ወሬ ሰብስቤ አመጣሁላት።

ባለፈው እሑድ ሁለቱንም ምሳ ጠራኋቸው። ስልኩን ከፈትኩና ቀድሜ እኔው አማሁህ። አትቀየመኝ ጀማሌ፣ መላ ስላጣሁ ነው። ኩርፊያህን አወራሁ። ከገዛ ልጅህ ጋር ገበጣ ስትጫወት እንኳ መሸነፍ አልወድም ብለህ ጠጠር ትሰርቅ እንደነበር አወራሁ። ተስፋዬ መሬት መሬቱን አየ። ዘይነባ ግን ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት።

የምርቃቱን ነገር አነሳች። ለካ በጨዋታችሁ የተሸነፈ ልጅ አንገቱን ደፍቶ አይሄድም፣ በወሎ ደንብ ተመርቆ ይሂድ ያልከው አንተ ነህ። እደግ፣ ተመንደግ፣ የነካኸው ይባረክልህ ብለህ በራስህ ድምፅ ቀድተህ ጨዋታው ውስጥ አስገባህ። ልጆቹ ምርቃቱ ጣማቸውና እያወቁ መሸነፍ ጀመሩ። ደጋን ከተማ ያለው የጌም ቤት ባለቤት፣ ጨዋታችሁን የሚጨርስ ልጅ ጠፋ ብሎ ቢሯችሁ ድረስ መጣ።

ይኼን ጊዜ ተስፋዬ አላስችል አለው። ምርቃቱ ለአሸናፊው ይሁን ቢልህ ጠረጴዛውን መትተህ፣ አሸናፊ ደግሞ ምን ጎድሎት ነው የሚመረቀው አልከው። ከዚያ አኮረፍክ። ፊት ለፊቱ ተቀምጠህ፣ ለተስፋዬ እንዲህ በይልኝ እያልክ በዘይነባ በኩል ታዘው ነበር። ይህን ሲያወራ ያኔ የነደደው ንዴት እንደ አዲስ ተነሳበት። ግትር! እንደ ጀማል ያለ ግትር እግዜርም አልፈጠረ! ብሎ ጮኸ። ከዚያ እኔን አየኝና ደነገጠ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት እኔ እየሳቅኩ አለቅስ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ጠረጴዛ እየመታህ ቤትህ ገባህ እኮ፤ እንዴት ደስ አይለኝ?

ሀያት ስልኩን ወስዳ ያን ቦታ ደጋግማ ሰማችው። እሷም ወንድሜን ስታኮርፍ፣ ፊት ለፊቱ ሆና በእኔ በኩል መልእክት ትልክለታለች፤ ከማን እንደወረሰችው አሁን አወቀች። ተስፋዬም በሚቀጥለው እሑድ ሌላ የሚያናድደው ነገር እንዳለ ነግሮኛል፣ ይምጣ።

ደግነትህን አገሩ ሁሉ ያወራልሃል፣ እሱ አያሳስበኝም። ኩርፊያህን፣ የጠጠር ስርቆትህን፣ ግትርነትህን ግን እኔ ካልያዝኩልህ ማን ይይዝልሃል? ሁሉንም አፉ ብዬሃለሁ ጀማሌ። አንዱንም ግን አልረሳልህም።

ሉባባህ