ከሰው በፊት ብረት እንዲቀምስ የደከሙት የዶክተር ዕፀገነት ጣሰው የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ዕፀገነት ጣሰው ከአባታቸው ከቄስ ጣሰው ገብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታንጉት አያሌው በእስቴ ወረዳ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ባለው የገብስ አገር፣ በ1973 ዓ.ም. በወርኃ ጽጌ ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ዘንድ ቆጠሩ፤ አስኳላውን መካነ ኢየሱስ ጨርሰው በ1995 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመረቁ።

በምርቃታቸው ድግስ አሳላፊው ታናሽ ወንድማቸው አቶ ምንይችል ነበሩ። በአገራችን ወግ መጠጥ የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል። ከከተማ የመጣው አረቄ ጣዕሙ ስላላማራቸው፣ ለማረጋገጥ ከየጠርሙሱ አንዳንድ መለኪያ ቀምሰው ሳያድሉ መለሱት። ከእንግዳው አንድም ሰው አልተጎዳም። የእሳቸው ዓይን ግን በማግስቱ ደበዘዘ፤ ከዚያ ወዲህ ብርሃን አላየም።

ይህ ነገር ከእህታቸው ልብ አልወጣም። በ2001 ዓ.ም. ከአቶ ፍሥሐ ማቴዎስ ጋር በተክሊል ተጋብተው ልዕልት ፍሥሐን ወለዱ። ከዚያም ጃፓን ተሻግረው ዶክትሬታቸውን ሠሩ፤ ተመልሰውም አዲስ አበባ አስተማሩ። ሥራቸው እንዲህ ነበር፦ ፓላዲየም የሚባለውን ብርቅ ብረት ከኒኬልና ከፎስፈረስ ጋር አቅልጠው፣ በሚሽከረከር የመዳብ መንኮራኩር ላይ በማፍሰስ፣ ውስጡ ሥርዓት ይዞ ሳይደረደር እንደ መስታወት በቅጽበት እንዲረጋ ያደርጋሉ። የረጋው ስስ ጥብጣብ አሲድ ውስጥ ሲቆይ ኒኬሉ ይሟሟል፤ ፓላዲየሙ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ቀዳዳው ግን በዓይን አይታይም። እንዲህ ያለው ብረት ለብዙ ሥራ ይሆናል። እሳቸው የፈለጉት ግን ሜታኖል የሚባለውን፣ በአረቄ ውስጥ ተደባልቆ ዓይን የሚያጠፋውን መርዝ ሰው ሳይጠጣ እንዲለይ ነው።

አቶ ምንይችል ይህን ሲሰሙ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ተምረሽ ብረት መብሳት ሆነ ሥራሽ? ይህንንማ የሰፈራችን አንጥረኛም ይበሳዋል» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ከት ብለው ይስቃሉ። ያ ሳቃቸው ዛሬም በጆሯችን አለ።

ብረቱ ቀመሰ፤ ነገር ግን መርዙን ከደህናው አልኮል አጥርቶ መለየት አስቸገራቸው። በሥራው ተጠምደው ለበዓል እንኳ አገር ቤት መምጣት ተዉ። በ2017 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ሲጸናባቸው ሥራውን ለተማሪያቸው ለጽዮን አስረክበው አገራቸው ገቡ። ለወንድማቸውም «አልጨረስኩልህም» አሏቸው። አቶ ምንይችል፣ «እኔ መቼ መሣሪያ ጠበቅሁ? አንቺን ነው እንጂ» ብለው እጃቸውን ያዙ።

ከዚያ በኋላ ጽጌን ሙሉ ሁለቱ ከደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ ከረሙ። እህት በመንገድ የሚያልፈው ጎረቤት ማን እንደሆነ ይነግራሉ፤ ወንድም «አያሌው አይደለም፣ እርምጃው የገብሬ ነው» እያሉ ያርማሉ። ደግሞ ይከራከራሉ። ስለ ብረቱ ግን አንድም ቀን አላነሡም።

ዶክተር ዕፀገነት በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። እናታቸው ወይዘሮ ታንጉት፣ ባለቤታቸው አቶ ፍሥሐ፣ ልጃቸው ልዕልትና ወንድማቸው አቶ ምንይችል ከነቤተሰባቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ዘመናቸውን ሙሉ ሲደክሙ ያየ አምላክ «በቃሽ፣ ዕረፊ» ብሎ ነፍሳቸውን ይቀበልልን። አሜን።