የታእሚን ሕክምና

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ይህን የምጽፈው ሀፍላ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ ውስጥ ተቀምጬ ነው። የኦምዱርማን ድልድይ ላይ ቆመናል፤ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ሰው ላይ እንዳልጮህ ነው የምጽፈው።

ባሌ ጌታቸው ሰውነቱ እያለቀ ነው፤ ውሃ ጠጥቶም አይረካም። ጠዋት መሥሪያ ቤቱ በሰጠው የታእሚን፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ ካርድ ጀብራ ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ወሰድኩት። ዶክቶራዋ ብዙ ጠየቀችው፣ ደም አስቀዳችውና “ውጤቱ ሲደርስ እደውላለሁ” ብላ ሰደደችን። መርፌ የለ፣ ክኒን የለ።

“ኢንሹራንስ እንዲህ ነው፤ ወጪ እንዳይበዛባቸው በባዶ እጅ ይሸኙሃል” አለ ባሌ፣ ገና ከበሩ ሳንወጣ። አልተከራከርኩትም። ለእኔም መርፌ ያልተወጋ ሰው የታከመ አይመስለኝም።

ከሰዓት ወንድሙ ብርሃኑ መጣ። “ኦምዱርማን በግል የሚያክም ጎበዝ ሰው አለ። አንድ ግሉኮስ ቢተከልለት ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ያላ!” ብሎ ይዞት ሄደ። ጫማውን ያቀበልኩት እኔው ነኝ።

እነሱ እንደወጡ ስልኬ ጠራ። የታእሚኗ ዶክቶራ ናት፣ ራሷ።

“ስኳሩ በጣም ከፍ ብሏል። አሁኑኑ አምጪው፤ ጣፋጭ ነገር እንዳይቀምስ።”

ግሉኮስ ስኳር አይደል እንዴ?

ወዲያው ተከትያቸው ወጣሁ። ጌታቸው ስልኩን አያነሳም። የብርሃኑ ሲጠራ ቆይቶ አሁን ገና ተነሳ።

“አይዞሽ፣” አለኝ ደስ ብሎት፣ “አንዱን ጨርሶ ሁለተኛውን እየተከሉለት ነው።”

“ንቀሉት!” ብዬ ጮህኩ። የሀፍላው ሰው በሙሉ ዞሮ አየኝ። እሱ ግን መስማቱን እንጃ፤ መስመሩ ተቋርጧል።