ሰሌዳው ላይ «ሙሉ» ብሎ የጻፈው ማን ነው?

ለእትዬ፣

«አባባን ለማሳመር ብለህ ሾፌሩን ጡሩምባን አቆሸሽከው። የመኪናዋ ታንክ ሳይሞላ ‹ሙሉ› ብሎ የጻፈው አባባ ነው። ይህን አንተም ታውቃለህ።» ባለፈው የጻፍሽልኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ገለበጥኩት።

ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ደረጃ ያስወጣሽ ጀመር? ባለቤትሽ ጋሼስ ከሳላቸው ተሻላቸው? እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት አፍሽን ዘግተሽ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያው ታሪክ ታትሞ ከወጣ በኋላ መናገርሽ ምን ይሉታል? ግንቡን ማን እንደሠራው፣ ደወሉ መቼ በሳይረን እንደተተካ፣ የመጀመሪያዋ መኪና ስንት በርሜል ትይዝ እንደነበር አንድ በአንድ አጣርቼ የጻፍኩ ሰው ነኝ። የጣውላ መጋዘኑ ቃጠሎ ላይ ስደርስ ግን «በሾፌሩ ቸልተኝነት መኪናዋ ባዶዋን ሄደች» ብዬ አለፍኩት።

ደንቡን ታውቂዋለሽ። መኪናዋ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ ታንኩ ይሞላል፤ ከዚያ የፈረቃው አለቃ በገዛ እጁ በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ «ሙሉ» ብሎ በጠመኔ ይጽፋል። ሾፌሩ ሰሌዳውን አይቶ ይነዳል እንጂ ታንክ አይከፍትም። አለቃው አባባ ግን ቆሞ መጠበቅ ስለሚሰለቸው፣ ውሃው ገና እየወረደ ቀድሞ ጽፎ ወደ ምሳው ይሄድ ነበር። ያን ቀን ውሃው ገና መውረድ እንደጀመረ ተቋረጠ። ምሳውን ያደረስሽለት አንቺ ነሽ፤ ሲጽፍ አይተሻል። ሾፌሩ ጡሩምባ በሳምንቱ ተባረረ፤ አባባ ዝም አለ። ለእኔ የነገረኝ ታሞ ሊሞት ሲል ነው። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። መጽሐፉ በተመረቀ ዕለት ጡሩምባ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። እኔ ያንኑ ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ስጨርስ ምርኩዙን ተደግፎ መጣና፣ አንተ የአለቃ ልጅ፣ ውሃ ጠጣ እንጂ፣ ጉሮሮህ እንደዚያ ታንክ ደረቀ አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ እትዬ። አሁን በጣቢያው በር ማለፍ አፍሬ በጀርባው መንገድ ነው የምዞረው።

መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነው። የጣቢያው ኃላፊ፣ በዓይኑ ያየ ሰው ፈርሞ ካልመሰከረ አንድ መስመር አልቀይርም ብሏል። እኔ የሰማሁ ነኝ፤ ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ጡሩምባ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሌላ እትም ጠብቅ አይባልም።

ጋሼን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ትልቋን ልጅሽንና መንታዎቹን ሳሚልኝ። ባለቤቴንም ናፍቀሻታል።

በስልክ እንዳትነግሪኝ፤ ስልክ አይፈረምበትም። ያየሽውን በእጅሽ ጽፈሽ፣ ስምሽን አስፍረሽ፣ እስከ ሰኔ 5 ይድረሰኝ።

ወንድምሽ
ከአባባ ቤት፣ ግንቦት 9 ቀን